መርዶ በሰው አፍ

የእድራችን ጥሩምባ ዛሬ የጸሐፊው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ልጅ ሳለሁ እሱ ከተነፋ አባቴ የያዘውን ጉርሻ እንኳ ሳይጨርስ ወደ በር ይወጣ ነበር። ነፊው አንዴ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል። ያን ጥሩምባ ያስቀረነው እኔና ጓደኛዬ ነን። ዛሬ በኩራት አይደለም የምናገረው። ያኔ ግን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደረታችንን ነፍተን ነበር የምናወራው።

ጓደኛዬ የጎረቤት ልጅ ነው። በእነሱና በእኛ ቤት መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። እናቱ ሲጠሩት እኔም ከወዲህ ሆኜ "አቤት" እል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይላቸዋል፣ እኔም እቴቴ ነው የምላቸው። እሱ በዕድሜ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ በትዕግሥት አይነጻጸርም። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ሻይ እንኳ እስኪበርድ መጠበቅ አልችልም፣ ምላሴ ሁልጊዜ እንደተቃጠለ ነው።

እናትና አባቴ ካለፉ በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ አግብታ ፍቼ ስትገባ ቤቱ ለእኔ ቀረ፣ የእድሩ አባልነትም ወደ ስሜ ዞረ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች። ሰላምታ የላት፣ ምን የላት፣ ስልኩን ገና ከማንሳቴ "በልተሻል?" ትለኛለች። "በልቻለሁ" እላለሁ። "ውሸታም!" ትላለች። ጨዋታችን ከዚያ ይጀምራል።

የእድሩን ፕሮግራም የሠራነው እኔና ጓደኛዬ ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለች አንዲት ኬክ ቤት ቁጭ ብለን ነው። ሁለታችንም እንጀራችን ከኮምፒውተር ነው፤ እሱ ኔትወርክ ይዘረጋል፣ እኔ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ነገሩ ቀላል ነበር። ሰው ሲሞት ጸሐፊው ስልካቸው ላይ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ይጽፋሉ፣ አንድ ጊዜ ይነካሉ፣ ለእድርተኛው ሁሉ መልእክት ይደርሳል። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርገን ለቀቅነው። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። እንደ ሰፈር ቦኖ ውሃ ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይቀዳል፣ ሲያፈስ ያየም ያጠብቃል። ከማናውቀው አገር አንዱ ወደ ኦሮምኛ መለሰልን፣ ሌላው የቀን አቆጣጠሩን አስተካከለልን፤ ወይ ጉድ እያልን እንስቅ ነበር።

የመልእክቱን ቃል የጻፈው ጓደኛዬ ነው። እንዲህ ይላል፤ ዛሬም በቃሌ ነው፦ "ወገኖቻችን፣ አባላችን ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። ሰው በሰው ይጽናናልና እንዳትቀሩ።" ሲጽፈው እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር። "ሞቷል" ብሎ ነበር መጀመሪያ። እቴቴ ምስር እየለቀሙ ሳሉ ቀና አሉና "ኧረ ተው፣ ሞቷል ተብሎ በደረቁ ይጻፋል? ዐርፏል በል" አሉት። እሱም ቀየረው።

ከዓመት በላይ እንዲህ በሰላም ሠራን። ከዚያ የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት ዐረፉ። ሰውዬው ሙስሊም ናቸው፤ ጠዋት ዐርፈው የቀብራቸው ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነበር። የኛ ፕሮግራም ደግሞ መልእክቱን አንድ በአንድ፣ እየተንቀረፈፈ ነበር የሚልከው። ግማሹ ሰው መልእክቱ የደረሰው ተቀብረው ካበቁ በኋላ ነው። እኔም ከነዚያ አንዷ ነኝ። ልጅ ሆኜ በዱቤ ከረሜላ የሰጡኝን ሰው ሳልቀብር ቀረሁ። ልጆቻቸው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ "ምንም አይደል፣ መምጣታችሁ ራሱ" አሉን። እፍረቱ ገደለኝ። በነጋታው መልእክቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሄድ አድርጌ ልጽፈው ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ አጭር ነው። ብዙ ሰው አንድ ኮድ ላይ ሲሠራ እያንዳንዱ የዋናውን ግልባጭ ይወስዳል። ብራንች እንለዋለን። ለየብቻ ሠርተው ሲጨርሱ ወደ ዋናው ይመልሱታል። የተለያየ ቦታ ነክተው ከሆነ ማሽኑ ራሱ አዋህዶ ይጨርሰዋል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ የተለያየ ነገር ጽፈው ከሆነ ግን እምቢ ይላል። ግጭት አለ ይላል። የአንዱን ከላይ፣ የሌላውን ከታች ያስቀምጥና በመካከላቸው ሰረዝ አስምሮ ሰው መጥቶ እስኪፈርድ ይጠብቃል።

እኔ ስለ ፍጥነቱ ብራንች በከፈትኩበት ሰሞን እሱ ደግሞ ሌላ ከፍቶ ኖሯል። የሱ ሐሳብ መልእክቱ ለሟች ቤተሰብ እንዳይሄድ ነበር። ሽማግሌዎች ገብተው መርዶውን ነግረው፣ ጸሐፊው "ተረድተዋል" የሚለውን እስኪነኩ ድረስ የእናት፣ የልጅ፣ የእህት ስልክ ዝም እንዲል።

"ምን ያደርጋል?" አልኩት ኬክ ቤቱ ውስጥ። "ጸሐፊው ሰው ናቸው፣ መቼ እንደሚልኩ ያውቃሉ። መርዶ ሳይነገር አይልኩም፣ በቃ!"

"ድንኳን ተካዩ፣ መቃብር ቆፋሪው በጊዜ ካልሰማስ? መላካቸው አይቀርም" አለ።

"አንተ ሁሉን ነገር ኮድ ላይ ካልለጠፍክ አይሆንልህም።"

"መርዶ በሰው አፍ ነው የሚነገረው" አለኝ። "አባትሽ ሲያርፉ ንጋት ላይ መጥታ አቅፋ የነገረችሽ እናቴ ናት። ረሳሽው?"

አልረሳሁትም። የእቴቴ ነጠላ ፊቴ ላይ እንደነበረ፣ እሳቸው እስኪጨርሱ ድረስ ምንም እንዳልታየኝ ዛሬም አስታውሳለሁ። ግን ተናድጄ ነበርና "እሱ ሌላ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ሒሳቡን እንኳ ሳንጣላ እንከፍል የነበርን ሰዎች፣ ያን ቀን ለየብቻ ታክሲ ያዝን።

እሱ ግን ቂም አይዝም። ቅዳሜ ጠዋት ደወለ። "ሰኞ ለሥራ ክፍለ ሀገር ልወጣ ነው" አለ። "የሁለታችን ብራንች ተጋጭቷል። አንቺ ፍቺው። ያንቺን ፍጥነት አቆዪ፣ የኔን ቤተሰብ ማስቀረትም አቆዪ። አይጣሉም እኮ፣ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልጉት።" "እሺ" አልኩ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሱ ጸሐፊው ቤት ሄዶ በራሱ ላፕቶፕ አሳያቸው። "ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ አይጨነቁ፣ ለቤተሰብ አይሄድም፣ ራሱ ያስቀራቸዋል" አላቸው። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

እኔ ያን ቅዳሜ ከሰዓት ኬክ ቤቱ ገብቼ ማኪያቶ አዝዤ ፋይሉን ከፈትኩ። ግጭቱ ከአስር በላይ ቦታ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በጥንቃቄ ፈታሁ፤ የኔን ከላይ፣ የሱን ከታች እያየሁ፣ እያስማማሁ። አራተኛው ላይ ሰለቸኝ። የሱ ጽሑፍ ረጅም ነው፣ በየመስመሩ ጎን በአማርኛ ማስታወሻ ይጽፋል፣ የሚያነበው ሰው ቢኖር መጽሐፍ ይወጣዋል። "የእኔን ውሰድ" የሚል ትእዛዝ አለ። ያን ትእዛዝ ለማሽኑ ሰጠሁና የቀረውን ሁሉ በአንዴ ጨረሰልኝ።

ከዚያ ቴስቱ ቀይ ሆነ። ቴስት ማለት ፕሮግራሙ የታዘዘውን መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ልክ ከሆነ አረንጓዴ ይበራል፣ ከተሳሳተ ቀይ። ቀይ የሆነው የሱ ነበር። ስሙም ተጽፏል፦ "ለሟች እናት መልእክት እንዳይሄድ።" እኔ እንግዲህ ያን ስም በዓይኔ አየሁት። አየሁትና፣ "ይሄ የድሮው ነው፣ አሁን አይሠራም" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሙሉውን ሰረዝኩት። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ወደ ዋናው ላክሁት፣ ማኪያቶዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ሆኖ ጻፈልኝ። "ሁለቱንም አቆየሻቸው አይደል?"

"አዎ ባክህ፣ አትነዝንዘኝ" ብዬ መለስኩ።

"እሰይ የኔ ጎበዝ። እናቴን አንዳንዴ ብቅ እያልሽ እያት" አለ። እሱን አልመለስኩለትም። ሥራ ነበረብኝ።

ሐሙስ እሱና የሥራ ባልደረቦቹ ከክፍለ ሀገር ሲመለሱ የተሳፈሩበት መኪና ተገለበጠ።

እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ዊንጌት ልንደርስ ስንል። ገና አልመሸም፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተው መንገዱን ሞልተውታል። ስልኬ ጮኸ። በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ የተቀመጠች የሰፈራችን ሴትዮ ስልክም ጮኸ። ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ነው የተሰማው። ፍጥነቴ ሠርቷል። አነበብኩ። ስሙን ሳየው አልገባኝም፣ ሁለተኛ አነበብኩት። ከኋላዬ ሴትዮዋ "ወይኔ!" አለች። ከዚያ ገባኝ። ለሁሉም ነው የሄደው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ። የእድሩ አባል እናቱ ናቸው።

"ወራጅ አለ!" ብዬ ጮኽኩ። ከታክሲው ወርጄ ዳገቱን ሮጥኩ። ምን ልደርስ እንደምሮጥ አላውቅም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መልእክትም እንደዚያው። መታጠፊያው ጋ ስደርስ እቴቴ በራቸው ላይ ቆመዋል። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። መነጽራቸውን አድርገዋል፣ ስልኩን ከፊታቸው አርቀው ይዘውታል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ያን ፊት መቼም አልረሳውም።

"መጣሽልኝ" አሉ። "አንቺ ታውቂዋለሽ። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው በይኝ።"

ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ዝምታዬን አዩና ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ የጮኹት ጩኸት፣ ከቆርቆሮው ወዲያ ማዶ ቤቴ ስገባም፣ ጆሮዬን በትራስ ስይዝም አልቆመም።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ጸሐፊው ላይ ተነሡባቸው። "እናት ሳትረዳ ይላካል? ምን ዓይነት ሰው ነዎት!" ጋሼ ሰባ ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። "ድንኳኑና መቃብሩ እንዲዘጋጅ ነው የላክሁት። ለቤተሰብ አይሄድም ብሎኛል ልጁ ራሱ" አሉ። አንዱ ጎልማሳ ብድግ ብሎ "ሙት ላይ ያላክካሉ? አያፍሩም?" አላቸው። ጋሼ ከኪሳቸው የእድር ቤቱን ቁልፍ አወጡና አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔ ሦስት ሰው አልፌ ተቀምጫለሁ። ንፍሮ ይዤ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አፈር ልብላ፣ ንፍሮውን እንኳ መብላት ቀጠልኩ።

ስምንት ወር ያህል እንዲህ ተቀመጥኩ። የሚገርመው ጥፋቴ አልተደበቀም። ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው፤ ማን ምን እንደሰረዘ፣ በየትኛው ቀን፣ ከነስሜ፣ ከነፎቶዬ ተቀምጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ይሄኛው ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። በሰፈሩ የሚያነበው ሰው ብቻ ጠፋ። ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ነበር፣ እሱንም ቀብረነዋል።

ፋይሉን በከፈትኩ ቁጥር እሱ ይመጣል። አንድ ነገር አስተካክዬ ልልክ ስል ማሽኑ "ይህን ክፍል የሚያውቅ ሰው ቢያይልሽ?" ይልና የሱን ፎቶ ከጎን ያወጣል፤ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅባትን። ስሙን አጠገቡ ጽፎ፣ ንኪው፣ ጥሪው ይለኛል። አንድ ቀን እጄ ሄዶ ነካው። "ጥያቄው ተልኳል፣ መልስ እየጠበቅን ነው" አለኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። ስልኬ ሲጮኽም ከመቀመጫዬ እዘላለሁ። እቴቴን ላለማግኘት ደግሞ በላይኛው መንገድ፣ በሸጎሌ የከብት ገበያ አቅጣጫ ዞሬ፣ ከበግ ነጂዎች ጋር እየተጋፋሁ ቤቴ እገባ ጀመር። "እናቴን ብቅ እያልሽ እያት" ብሎኝ ነበር እኮ!

ከዚያ ከሐዋሳ አንድ የማላውቀው ሰው ጥያቄ ጻፈ። የሰፈሩ እድር በኛ ፕሮግራም ሊጠቀም ነው። የድሮውን ታሪክ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አይቷል። "ይህ ለሟች እናት መልእክት እንዳይሄድ የሚለው ቴስት ለምን ተሰረዘ? እኛ ይህን ነበር የምንፈልገው" ይላል። በትሕትና ነው የጻፈው። ቀኑን ሙሉ ልመልስለት ጀምሬ አጠፋሁት። በሐዋሳ ሌላ እናት ታየችኝ፣ መነጽር ያደረገች።

የሰረዝኩትን ከታሪኩ ውስጥ አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከመስመሮቹ በላይ በአማርኛ ማስታወሻ ነበረው፦ "መርዶ በሰው አፍ ነው የሚነገረው። ይህን የምትቀይሩ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ እናታችሁን አስቡ። እኔ የኔን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት።"

በማግስቱ እቴቴ ቤት ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ጠፋሽሳ" አሉኝ፣ ያለ ቁጣ። ከዚያ እኔ ሳልጀምር ስልካቸውን ከትራሱ ሥር አወጡ። መልእክቱን አልሰረዙትም።

"ሰው ሁሉ ጸሐፊውን ይሰድባል" አሉ። "እኔ ግን ሳስበው፣ ይሄን ቃል የጻፈው ልጄ ነው። ዐርፏል በል ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱ ራሱ መጥቶ ያረዳኝ ይመስለኛል። በዚህ ነው የምጽናናው።"

ይህን ሲሉ ተመልሼ ልወጣ ፈለግሁ። የያዙትን መጽናኛ እንዴት እነጥቃለሁ? ግን በኔ ጥፋት የሚሰደቡት ጸሐፊ አሉ፣ ሐዋሳ አለች፣ እሱ አለ። ተንበርክኬ ነገርኳቸው። እሱ እሳቸውን አስቦ ቤተሰብ የሚያስቀር ኮድ እንደጻፈ፣ ሁለቱንም አቆዪ ብሎ እንደለመነኝ፣ እኔ ሰልችቶኝ የሱን እንዳጠፋሁ፣ ሲጠይቀኝም እንደዋሸሁት። ማስታወሻውን ከስልኬ አነበብኩላቸው።

"እንደገና አንብቢው" አሉ። አነበብኩ። ሦስተኛ አስነበቡኝ።

"አስቦኝ ነበር" አሉ።

"አዎ እቴቴ።"

"አንቺ ደግሞ አጠፋሽው።"

"አዎ።"

"አይተሽው?"

"ቴስቱን አይቼው ነበር። ማስታወሻውን አላነበብኩትም።"

እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሡ። እዚያ እንደነበረ ያወቅሁት ሲያነሡት ነው። "ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ እዋሻለሁ" አሉ። "ዛሬ አልቻልኩም። ሂጂ፣ መጀመሪያ ለሽማግሌው ንገሪያቸው። ከዚህ ወዲያ በሬን አታንኳኪ፣ እኔ ስችል እመጣለሁ።"

ከዚያው ወደ ጸሐፊው ቤት ሄድኩ። ጥሩምባው ግድግዳው ላይ ነበር። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ይቆጡኛል ስል ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ብሎኛል ማለት ነው" አሉ። "ለቤተሰብ አይሄድም ብሎኛል ማለት ነው! እኔ እኮ ያረጀሁ መስሎኝ፣ ያላለኝን አለኝ ብዬ በሙት ላይ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ፣ ሁለት ሱባዔ ገብቻለሁ። ምነው ልጄ? ምነው አንዲት ቃል?" የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ። ያ ድንኳን ውስጥ የጮኸባቸው ጎልማሳ ራሱ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ መለሰላቸው። እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ተገቢ ነው።

መስመሮቹን መለስኳቸው። በዚህ ጊዜ ግጭቱን አንድ በአንድ፣ ሦስት ቀን ፈጅቼ ፈታሁት። እውነቱን ነበር፣ አይጣሉም። ቴስቱ አረንጓዴ ሲበራ ማሽኑ የጻፈውን ሰው ስም ከፎቶው ጋር ከላይ አወጣው፤ የሱን እንጂ የኔን አይደለም። ለሐዋሳው ሰውዬም መለስኩለት፦ "በኔ ጥፋት ነው የተሰረዘው። አሁን ተመልሷል።"

እቴቴ አልመጡም። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ሬዲዮናቸውን እሰማለሁ። በራቸውን አላንኳኳሁም።

ጥቅምት ላይ አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ያቺ የሰፈራችን ሴትዮ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። ስልኳ ጮኸ። አነበበች፣ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ትንሽ ቆይታ "ሽንኩርት መቼም አይቀመስ ሆነ" አለችኝ፣ ሳታየኝ። እኔም ስልኬን አወጣሁ። ምንም የለም። ኔትወርኩ ነው አልኩ። እንዴት አልጠረጠርኩም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ የሠራሁት ነገር እኔን ያስቀረኛል ብዬ አላሰብኩም።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል በሬ በቀስታ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ኋላ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። ከሁሉም ፊት እቴቴ። ብርድ ነበር፣ ትንፋሻቸው ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኬን ዞሬ አየሁት። ጥቁር ነው። አልጮኸም፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጮኸም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እኔ ግን እራቴን ትቼ ተኝቼ አድሬአለሁ።

እቴቴ ደፉን ተሻገሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ጭንቅላቴን ወደ ደረታቸው ሳቡት፣ ነጠላቸውን ፊቴ ላይ አደረጉት፣ ልክ እንደ አባቴ ጊዜ።

"ልጄ፣ ማታ በልተሻል?" አሉኝ።

የማን መርዶ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

"አልበላሁም" አልኩ። ለእሷ አንድ ቀን እንኳ ያልነገርኳትን እውነት።

አጥብቀው ያዙኝና፣ ቀስ ብለው፣ በአፋቸው ነገሩኝ።